ጣሪያውን አልብሱት፣ ሌላው ይደርሳል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የእንጨት ሥራ መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ለጋዜጣ መጻፍ ልማዴ አይደለም። የሆዴን ሆዴ ውስጥ ይዤ ብቀመጥ ግን ሌላ ክረምት ሊገባ ነው። ክረምቱ ደግሞ የሚጠብቀኝ አይደለም።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እድሳት ተደርጎለታል። እሰየው! እኛ ጅማ ያደግን ሰዎች ያ ቤት ዓይናችን እያየ ሲያረጅ ነው የኖርነው። እንጨቱ ሲበሰብስ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ አይተናል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙበት ግቢ ነው። ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ያዳኑ ሰው ናቸው። ዕቃቸው ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ መስጊዱም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪዎቼን ጅሬን እየወሰድኩ የሰገነቱን እንጨት አሳያቸው ነበር። ስለዚህ ለዚያ ቤት የወጣው ገንዘብ አንድ ሳንቲሙም አይቆጨኝም።

የኔ ጉዳይ የሌሎቹ ነው። ስም የሌላቸው፣ ንጉሥ ያልኖረባቸው፣ ጎብኚ የማይደርስባቸው ቤቶች። ከጅማ ወደ ሰቃ፣ ወደ ዴዶ፣ ወደ ሰርቦ፣ ወደ አጋሮ የሚወስዱትን መንገዶች ይዛችሁ ትንሽ ገባ ብትሉ በቡናው ጥላ ውስጥ ያረጁ ትልልቅ ቤቶች ታገኛላችሁ። የባላባት ቤት አለ። የቡና ነጋዴ ቤት አለ። አንዳንዱ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። አንዳንዱ ውስጥ ባህር ዛፍ በቅሎበታል። ከብት የሚያድርበትም አለ።

ከእነዚህ አንዱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ያወቅኩት በባለቤቴ ምክንያት ነው።

ባለቤቴ የሰቃ መንገድ ልጅ ናት። ከወላጆቿ የወረሰቻት ትንሽ የቡና መሬት አለቻት። ግብሯ የሚከፈለው እዚያ ነው። ዘመዱ፣ ለቅሶው፣ የታመመው ሁሉ እዚያ ነው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ከሚኒባሱ እንደወረድን እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጉዳይዋ ትሮጣለች። መጀመሪያ ቀበሌ፤ የግብር ደረሰኝ አለ፣ ሊስተካከል የሚገባው የይዞታ ወረቀት አለ። ከዚያ ቡናዋን የሚያስፈለፍልላት ሰው ጋ። ከዚያ ወፍጮ ቤት። ከዚያ አልጋ ላይ የዋሉ አክስቷ ጋ። መንገድ ላይ ደግሞ ሰላም የምትለው ሰው አያልቅም። እሷ የመንደሩን ሰው ልጅና የልጅ ልጅ ጭምር በስም እየጠራች ነው የምትጠይቀው፤ ቸኩላ ማለፍ አታውቅበትም። "እኔ ጉዳዬን ልጨርስ፤ አንተ ወደ ቤትህ ሂድ" ትለኛለች። ያንን የፈረሰ ቤት "ቤትህ" ብላ ነው የምትጠራው።

ቤቱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ትንሽ ዳገት ላይ ነው። ከፊቱ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታቹ የቡና ማከማቻ ነበር፤ ላዩ መኖሪያ። ደረጃው በውጭ በኩል ነው የሚወጣው። ከፊት ለፊት ያለው የላይኛው በረንዳ የቤቱን ወርድ በሙሉ ይይዛል። የቤቱ ባላባት ቁጭ ብለው ቡናቸው ሲለቀምም፣ ሲሰጣም፣ ሲጫንም ማየት እንዲችሉ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፤ ሳላስፈቅድ የሰው ስም ጋዜጣ ላይ ማውጣት አይሆንልኝም።

አሁን በረንዳው ላይ የቀረው ግማሹ ነው። ግን የቀረችውን ግማሽ ብታዩ! ቋሚውና አግዳሚው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ምስማር የሚባል የለም። የአግዳሚው ጫፍ በመሮ ተቀርጾ ምላስ ወጥቶለታል። ቋሚው ለዚያ ምላስ በልኩ ተፈልፍሏል። ምላሱ ከገባ በኋላ ከጎን የእንጨት ሽብልቅ ተመትቶበታል። አንድ ጊዜ የመታወቂያዬን ጠርዝ ላስገባ ሞከርኩ። አልገባም። ይህ ሁሉ ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቆበት ማለት ነው። እኔ ይህንን መጋጠሚያ ሳስተምር መሮና መዶሻ ብቻ ሳይሆን ጎበዝ ተማሪ ጭምር ያስፈልገኝ ነበር። እጅ ያልፈታ ልጅ ምላሱን ያሳንሰዋል፤ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ክፍተቱን በኮላ ይሞላዋል። የዚህ ቤት አናጢ ኮላ አልነበረውም። ኮላ ቢኖረውም የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አለ። ከተፈለፈለው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የመሮው ምት ይታያል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። እኔ ሳየው ሠሪው ግራኝ ነበረ ባይ ነኝ። በሁሉም ቋሚዎች ላይ አይደለም፤ በምሥራቁ በኩል ባሉት ላይ ብቻ ነው። በምዕራቡ በኩል ያሉት በቀኝ እጅ የተመቱ ናቸው። ቢያንስ ሁለት አናጢዎች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ጀምረው መሐል ላይ ተገናኝተዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የባላባቱን ስም ግን አገር ያውቀዋል።

የወለሉ ጣውላ ዝግባ ነው። ቋሚዎቹ ወይራ ናቸው። መዝጊያው ዋንዛ ነበር፤ አንድ መዝጊያ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ጭቃ ነው። ቋሚ እንጨት በማገር ተይዞ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎበት፣ ላዩን በኖራ ተለስኗል። ሰው "ጭቃ ቤት" ሲል በንቀት ነው። ጭቃ ከጣሪያ በታች ሆኖ እግሩ ከደረቀ የሰው ዕድሜ ይኖራል፤ ከዚያም ያልፋል።

የዚህ ቤት ሕመም ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ተነቅሏል። ማን እንደነቀለው መጠየቅ ዋጋ የለውም። ቤቱ የማንም ያልሆነ ጊዜ አንድ ሰው ለማድቤቱ አንድ ቆርቆሮ ይወስዳል፤ ሌላው ለበጎቹ ሁለት ይወስዳል። ድሃ ቆርቆሮ አየሁ ብሎ ወሰደ ብዬ አልፈርድም። ሰማዩ ግን ቤቱ ውስጥ ገባ።

ይህ አገር የቡና አገር የሆነው ዝናቡ ስለማይነጥፍ ነው። ጅማ ላይ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። ቁጥሩ ለብዙ ሰው ምንም አይለውም፤ ስለዚህ አስልቼ ላሳያችሁ። 1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1500 ሊትር ውኃ ማለት ነው። 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ጣሪያ ከሌላት በዓመት 30,000 ሊትር ይወርድባታል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ብታስቡት 150 በርሜል ነው። ይህን ሁሉ ውኃ በጭድና በጭቃ ላይ አፍስሳችሁ ቤት ይቆማል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ጣሪያ የሌለው የጭቃ ግድግዳ ሻይ ውስጥ እንደወደቀ ስኳር ነው።

መጀመሪያ የሚሄደው የግድግዳው አናት ነው። ውኃው ከላይ እየሟሟ ጭቃውን ያወርደዋል። ማገሩ ይጋለጣል። የወረደው ጭቃ ግድግዳው ሥር ይከመርና የእንጨቱን እግር ያረጥበዋል። ርጥበቱን ተከትሎ ምስጥ ይመጣል። ቋሚው ከላይ ስታዩት ጤነኛ ነው፤ እግሩን በጣታችሁ ስትነኩት ግን ይገባል። ከዚያ አንድ የክረምት ማታ ነፋስ ይነሳል። በማግስቱ የመንደሩ ሰው "ትናንት ሌሊት አንዱ ጥግ ወደቀ" ይላል። ቤቱን የገደለው ያ ነፋስ ይመስላል። ሥራው የተጀመረው ግን ገና ቆርቆሮው የተነቀለ ዕለት ነው።

ከሁሉ ያናደደኝ ነገር አለ። ቤቱ የገበሬ ማኅበር ቢሮ በነበረበት ዘመን አንድ ሰው አዝኖለት አንዱን ክፍል በሲሚንቶ አስለስኖታል። ቀድሞ የፈረሰው ያ ክፍል ነው። እባካችሁ ይህንን ነገር ሰው ይወቅልኝ። ጭቃ ይተነፍሳል። የጠጣውን ርጥበት በፊቱ መልሶ ያወጣል። ኖራም አይከለክለውም። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋል። ርጥበቱ ከሲሚንቶው ጀርባ ይጠራቀማል፤ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይላላል። ከውጭ ስታዩት ልስኑ ያምራል። አንድ ቀን ግን ሲሚንቶው ጭቃውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ይዘረገፋል። ከዚያ ሰው ምን ይላል? "ጭቃ ቤት መች ይበረክታል!"

የቤቱን ታሪክ ያጫወቱኝ አጠገቡ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ማንም ሳይቀጥራቸው ቤቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ልጆች ጣውላ ሊነቅሉ ሲመጡ ያባርሯቸዋል። "አካም ጅርቱ አባባ" ብዬ እገባለሁ፤ "ና መምህር፣ ተቀመጥ" ይሉኛል። በርጩማ ያወጡልኛል፤ ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን የጅማ በርጩማ። ቡና ይፈላል። ባለቤቴ ጉዳይዋን ጨርሳ እስክትመጣ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

እሳቸው እንደነገሩኝ የቤቱን ግንድ ከጫካ በበሬ ጎትተው ያመጡት አባታቸውና የአባታቸው ወንድሞች ናቸው። ጭሰኞች ነበሩ። ለጉተታው ክፍያ አልነበረውም። ባላባቱ መሬት ሰጥተዋቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ምርቱን ያካፍላሉ፤ ሲጠሩም ይሠራሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ነበር። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። መሬት የሕዝብ ሆነ። ባላባቱ ቤቱን ጥለው ሄዱ። ቤቱ የገበሬ ማኅበር ሆነ።

ታቹ የማዳበሪያ መጋዘን ተደረገ። ዳፕና ዩሪያ ተከመረበት። ማዳበሪያ ጨው ነው፤ ወለልና ግድግዳ ውስጥ ከገባ አይወጣም። እስከ ዛሬ ግድግዳው ሥር ነጭ ነጭ ነገር ይወጣል፤ በእጅ ሲነኩት ይበናል። እሱ ጨው ርጥበት እየሳበ ግድግዳውን ከሥር ሲበላ ኖሯል፤ ማጠፊያውንና የበሩን ብረት በዝገት የጨረሰውም እሱ ነው።

ላዩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የባላባቱ እልፍኝ የማታ ትምህርት ቤት ሆነ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ነበር የተሰጠው፤ እዚህ አካባቢ ኦሮምኛውን በግዕዝ ፊደል ነው ያስተማሩት። ሰሌዳ አልነበረም። ስለዚህ የእልፍኙን አንድ ግድግዳ ጥቁር ቀለም ቀቡት። ያ ጥቁር ግድግዳ ዛሬም አለ። ከቤቱ ሁሉ በደህና የቆየው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከላዩ ሁለት ቆርቆሮ ሳይነቀል ቀርቷል። ቀለሙ ተላልጧል። ከታች በኩል ግን ጠጋ ብላችሁ በጎን ብርሃን ብታዩት ቀለሙ ላይ የተፋቀ መስመር አለ። የሆነ ሰው ፊደሎቹ እኩል እንዲሆኑለት በሹል ነገር ደግፎ አስምሮታል። ኖራውም አልለቀቀም፤ መስመሩ ውስጥ ነጩ ይታያል።

አዛውንቱ ማንበብ የተማሩት እዚያ ግድግዳ ፊት ነው። "አባቴ እዚህ ቤት በር ላይ ጫማ አውልቆ ነበር የሚቆመው" አሉኝ። "እኔ ውስጥ ገብቼ፣ እልፍኙ ውስጥ ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ።" ይህንን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አለ። እኔ መምህር ሆኜ ስለ ትምህርት ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። ይህን ያህል የነካኝ የለም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲቀየር ማኅበሩም ተበተነ፤ ቤቱም ባዶውን ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው የቆርቆሮው ታሪክ ነው፤ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን ወደ ባለቤቴ ልመለስ። ይህን ያህል ጊዜ ስንመላለስ እሷ ያንን ግቢ ረግጣ አታውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆማ ትጠራኛለች እንጂ አትገባም። ምክንያቷንም አልደበቀችኝም። አያቷ የዚያ ቤት ጭሰኛ ነበሩ። የእኩል አራሽ። ግማሹን ለባላባቱ፣ ግማሹን ለቤታቸው፤ ከቤታቸውም ላይ ለበዓሉ፣ ለእንግዳው፣ ለምኑ ይቀነሳል። "የአያቴ ወገብ ያለቀበት ቤት ነው፤ ቢፈርስ ለምን ያሳዝነኛል?" ትለኝ ነበር። በዚህ ላይ ተከራክሬያት አላውቅም። የሷ አያት ናቸው፤ የኔ አይደሉም።

ብዙ ሰው እንደሷ ያስባል። ለዚህም ነው ይህን ያህል የምዘረዝረው። "የባላባት ቤት ማደስ ባላባትን ማወደስ ነው" የሚል ሰው ገጥሞኛል፤ የተማረ ወጣት ነው። ንግግሩ ከመሬት አልተነሳም። ሰው መሬት ለአራሹ እያለ አደባባይ የወጣው፣ የታሰረው፣ የሞተው በምክንያት ነው። እኔ ግን የምለው ይህ ነው። ቤቱ ከፈረሰ የጭሰኛውም ታሪክ አብሮ ይፈርሳል። ግንዱን የጎተተው ሰው ምስክሩ ያ ግንድ ነው። ግራኙ አናጢ ምስክሩ ያ የመሮ ምት ነው። ባላባቱማ ምን ቸገራቸው! ስማቸው በመዝገብ አለ፣ ፎቷቸውም በልጆቻቸው ቤት ተሰቅሏል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከቀበሌ ቶሎ ተመለሰች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተሙም እሳቸው ጋ ነው ተብላ ነው። ፀሐዩ ከሮ ነበር። አዛውንቱ "ግቢ ልጄ፣ እዚያ ፀሐይ ላይ አትቁሚ" አሏት። አክብራቸው ገባች። ቡና ጠጣች። ከዚያ እሳቸው ስለ ማታው ትምህርት ሲያጫውቷት አብረዋቸው የተማሩትን ሴቶች በስም ጠሩ። ከስሞቹ አንዱ የናቷ ነበር።

ባለቤቴ እናቷ ስሟን መጻፍ እንደምትችል ታውቃለች። የት እንደተማረች ግን ጠይቃ አታውቅም። ደረጃውን በጥንቃቄ ወጣን፤ የትኛውን ጣውላ እንደምትረግጥ እኔ እያሳየኋት። ግድግዳውን አየችው። ብዙ አልተናገረችም። ስንወርድ ግን "ጣሪያ ይደረግለት" አለች። "ጣሪያ ይደረግለትና ማን እንደሠራው ይጻፍበት። የአያቴም ስም ይጻፍ።" እኔ ከዚያ ወዲህ የምለው እሷ ያለችውን ነው።

ምን ያህል ያስወጣል ትሉኝ ይሆናል። ቤተ መንግሥት አድሱልን አላልኩም። ቤቱን ወደ ቀድሞ መልኩ መልሱልን፣ ሙዚየም አድርጉልን፣ ካፌ ክፈቱበት አላልኩም። ያ ሁሉ ጊዜ ሊጠብቅ ይችላል። መጠበቅ የማይችለው ጣሪያው ነው። የሚያስፈልገው ባህር ዛፍ ወራጅ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ የሚጥል አሸንዳ፣ ዙሪያውን ደግሞ በዶማ የሚቆፈር የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። ቆርቆሮው ለክረምቱ ካልደረሰ ወፍራም ሸራም ይበቃል። በደቦ የሚያልቅ ሥራ ነው። የአካባቢው ሰው ለቤት ሥራ ደቦ መውጣት አልረሳም። ከዚህ ቤት ግቢ የተጫነ ቡና ስንቱን ነጋዴ አበልጽጓል፤ ዛሬም በዚያ መንገድ የሚያልፉት የቡና መኪኖች ብዙ ናቸው። አንድ ነጋዴ ቆርቆሮውን ብቻ ልቻል ቢል ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን።

ችግሩ ግን ገንዘቡ ላይ ከመድረሳችን በፊት ነው። የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚነግረን የለም። እኔ ጠይቄያለሁ። የቢሮዎቹን ስም አላነሳም፤ ሰው ለማስወቀስ አይደለም የምጽፈው። አንዱ ጋ "ቅርስ ተብሎ ስላልተመዘገበ እኛን አይመለከተንም" ተባልኩ። እንዲመዘገብ ምን ላድርግ ስል "ባለይዞታው ያመልክት" ተባለ። ባለይዞታው ማን ነው ስል ወደ ሌላ ቢሮ ተላክሁ። እዚያ ደግሞ "ፋይሉ እኛ ጋ የለም" አሉኝ። ሁሉም በትሕትና ነው ያናገሩኝ። አንዳቸውም ግን መጥተው ቤቱን አላዩትም።

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ምን እንደሆነ ሲናገር ንጉሥ የኖረበት መሆን አለበት አይልም። በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብና በእደ ጥበብ ይዘቱ ትልቅ ዋጋ ያለው የሰው የፈጠራና የጉልበት ውጤት ነው የሚለው። እደ ጥበብ የሚለው ቃል እዚያው አዋጁ ውስጥ ተጽፏል። የሰው ጉልበት የሚለውም እንዲሁ። እንግዲህ ያ የበረንዳ መጋጠሚያ እደ ጥበብ ካልሆነ፣ ያ በበሬ የተጎተተ ግንድ የሰው ጉልበት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እስኪመዘገብ ድረስም ቢሆን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፤ ተማሪዎቹ ሜትርና ስልካቸውን ይዘው ቢመጡ በአንድ ቅዳሜ ቤቱን ለክተው፣ አንስተው፣ ሥለው ይጨርሳሉ። ይህን ቤት ብቻ ሳይሆን ከየመንገዱ ገባ ያሉትን ሁሉ። ቤቱ ነገ ቢወድቅ እንኳ ምን እንደነበር ይታወቃል። አዛውንቱንም ማነጋገር አለባቸው፤ በእሳቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ሳይቸኩሉ። የሚያስታውሱትን የሚያስታውስ ሌላ ሰው በዚያ መንደር ብዙ የቀረ አይመስለኝም።

የከተማችን ልጆች አናጢዎችም ቢያዩት ደስ ይለኛል። ጎበዞች ናቸው። ዛሬ ሥራው ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ሆኗል፤ በማሽን ይቆረጣል፣ በብሎን ይያያዛል። አልነቅፋቸውም፤ ገበያው የሚጠይቀው እሱን ነው። ነገር ግን አንድ ልጅ ያንን መጋጠሚያ አንድ ጊዜ በእጁ ቢዳብሰው ከዚያ በኋላ እንጨት የሚይዝበት አያያዝ ይለወጣል። እኔ አስተምሬ አውቀዋለሁ።

እናንተንም የምለምነው አለኝ። ቢቻል ፎቶ አንሺ ላኩልን። የአንድ ቤት ፎቶ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሰው ስለ ራሱ ሰፈር ቤት ማሰብ ይጀምራል። ምናልባት ከሊሙ፣ ከጎማ፣ ከማና የሚጽፍላችሁ ሰው ይመጣል፤ "እኛም ጋ እንዲህ ያለ አለ" የሚል። ቢጽፍላችሁ አውጡለት።

የሚመለከተው አካል ካለ ደግሞ ከሐምሌ በፊት ይምጣ። ከባዱ ዝናብ ከገባ ጣሪያ ላይ መውጣት አይቻልም፤ የላይኛው ወለልም ሌላ ክረምት የሚችል አይመስለኝም። ባለቤቴ የይዞታ ወረቀቱ ገና አልተስተካከለላትም፤ ስለዚህ እኛ መመላለሳችን አልቀረም። ቀኑን ብቻ ንገሩን። መሰላሉንም ሜትሩንም እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ሰዎቹን መጥራት ደግሞ የሷ ሥራ ነው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የእንጨት ሥራ መምህር
ከጅማ